አርባ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ቃል

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ብሩክ አንድ ወረቀት ይዞ በሬን አንኳኳ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የአማርኛ አስተማሪ እንደነበርኩ ሕንፃው ሁሉ ስለሚያውቅ ማስታወቂያም ቢሆን፣ የሐዘን መግለጫም ቢሆን፣ የሠርግ ጥሪም ቢሆን ከመለጠፉ ወይም ከመታተሙ በፊት መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣል። አልጠላውም። ጡረታ የወጣ ሰው በሩ ሲንኳኳ ደስ ይለዋል።

«ቲቸር፣ ፊደሉን ብቻ ይዩልኝ፤ ዛሬ ልንለጥፈው ነው» አለኝ።

ነገሩ ሁለተኛ ፎቅ ስለምትኖረው ጎረቤታችን ነበር። ውኃ አንድ ቀን መጥታ ስንት ቀን ስለምትጠፋ ሴትየዋ መተላለፊያውን በቢጫ ጀሪካን፣ በካርቶንና በባዶ ጠርሙስ ሞልታዋለች፤ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። ብሩክ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በጋራ መተላለፊያ ላይ ዕቃ አከማችቶ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል።»

የፊደል ስህተት የለበትም። እኔ ግን እርሳሴን አንስቼ «አከማችቶ መገኘት» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «ማስቀመጥ» ብዬ ጻፍኩበት።

«አከማችቶ የሚለው አይጠነክርም ቲቸር?»

«ይጠነክራል፤ የሰረዝኩትም ለዚያ ነው።»

ሳቀና አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ሻይ አፈላሁ፤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። በረንዳ ወጥቼ ወደ ታክሲ ተራው የሚጋፋውን ሰው አየሁ፤ ተመልሼ ገባሁ። የታጠፈ ልብስ እንደገና አጠፍኩ። ልጁ ሳያውቅ የጠየቀኝ ጥያቄ፣ እኔ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ለሌላ ሰው የጠየቅኩት ጥያቄ ነበር።

ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል፤ የአስተማሪ አመል ነው። ተመሳሳይ ቃላትን ሳስተምር ለልጆቹ ሁልጊዜ የምሰጣቸው ምሳሌ ነበረኝ። አንዲት ሴት አንድ እፍኝ ሽምብራ በነጠላዋ ጫፍ ብታስር ቋጠረች ይባላል። በየቀኑ አንድ አንድ እፍኝ እየጨመረች እንስራ ብትሞላ አጠራቀመች። እንስራው ሲበዛና ሰው ሲቀናባት አካበተች። ጎረቤቷ በተራበ ቀን በሯን ከዘጋች ደግሞ አከማቸች፣ ሸሸገች፣ ደበቀች። ሽምብራው ያው ሽምብራ ነው፤ የሚለወጠው የሚያያት ሰው ዓይን ነው። ልጆቹ ይህን ደብተራቸው ላይ ይገለብጡና ለፈተና ያጠኑታል። ምሳሌውን ከየት እንዳመጣሁት አንዱም ጠይቆኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በክረምት ጭቃው ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ ደግሞ ነፋሱ አቧራውን እስከ ወጥ ድስት ድረስ ይዞ የሚገባ ሰፈር ነበር። ማትሪክ ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት ልፈተን ቤት ተቀምጫለሁ። ቤት መቀመጥ የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚፈጅ የሞከረው ያውቀዋል። ጓደኞቼ ግማሹ ኮሌጅ፣ ግማሹ ሥራ ገብተዋል፤ እኔ ጠዋት ተነስቼ ግቢ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ያለኝ አንድ ነገር የእጅ ጽሑፍና አማርኛ ነበር። ሬዲዮ ላይ የሰማሁትን ከባድ ቃል ሁሉ እለቅማለሁ። ለሰው ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ቃሉ ከበድ ካላለልኝ ደስ አይለኝም።

ቀበሌው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሲፈልግ ስሜ ተጠራ። ደስ አለኝ። ሊቀመንበሩ ጓድ ታፈሰ ነበሩ። ለዚህ ሹመት ከመመረጣቸው በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የእኔንም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርታቸው እምብዛም ስለሆነ መጻፍ ያስጨንቃቸዋል። ነገራቸውን በተራ አማርኛ ይነግሩኛል፤ እኔ «አስተካክዬ» እጽፈዋለሁ። ሲነበብላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እንዲህ ነው እንጂ» ይላሉ። እኔም ያችን «እንዲህ ነው እንጂ» ለመስማት ስል ምን የማልጽፈው ነበር።

በዚያ ዘመን ስኳር የሚገኘው በቀበሌ ሱቅ፣ በራሽን ካርድ ነበር። ሌሊቱ ሲነጋ ሴቶች ዘንቢላቸውን አሰልፈው ይሄዳሉ፤ ዘንቢሉ በባለቤቱ ቦታ ተራ ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ስኳሩ ጭራሹን ጠፋ። ታኅሣሥም ገባ፣ ስኳር የለም። ሰው ሻዩን በጨው መጠጣት ጀመረ። በሬዲዮ ደግሞ ሸቀጥ ስላከማቹ ነጋዴዎች፣ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ይነገራል። ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው ትእዛዝ መጣ፦ ቤት ለቤት ይፈተሽ፣ ከራሽኑ በላይ የተገኘበት ይመዝገብ።

ፍተሻው የወጣነው አንድ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጓድ ታፈሰ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎችና እኔ። መዝገቡን በብብቴ ይዤ ስገባ ትልልቅ ሰዎች ይነሱልኝ ነበር። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ይህም ደስ ይለኝ ነበር።

አራተኛው ቤት የእትዬ በለጡ ነበር። እትዬ በለጡ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከዋናው መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይና አምባሻ እየሸጡ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ስኳር ሲጠፋ ሻዩን ዘግተው ቤት ውለዋል። ልጃቸው ጽጌ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ጥር ላይ ልትዳር ሽማግሌ ተልኮ አልቋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እትዬ በለጡ የአምባሻውን ዳር፣ ያንን ጠበስ ያለውንና ጥቁር አዝሙድ የሚበዛበትን፣ ቆርሰው ለእኔና ለጽጌ ይሰጡን ነበር። መሐሉን ለሾፌሮቹ፣ ዳሩን ለእኛ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሏል። አንደኛው አብዮት ጠባቂ መጋረጃውን ሲገልጥ ከአልጋው በስተጀርባ ጋን አለ፤ አፉ ላይ ሰፌድ ተከድኖበታል። ሰፌዱን አነሳው። ጋኑ እስከ አንገቱ ስኳር ነበር። ሰውየው እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አወጣና ጸጉራም ክንዱ ላይ የተጣበቀውን ነጭ ነገር ትኩር ብሎ አየው። ሁላችንም ያን ያህል ስኳር በአንድ ላይ ካየን ቆይተናል።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ጓድ ታፈሰ።

«የልጄ ሠርግ ነው» አሉ እትዬ በለጡ።

«ከየት አመጡት?»

ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ቆሙ። ሻይ ሻጭ ናቸው፣ ስኳር በጠፋበት ወር ጋን ሙሉ ስኳር ተገኘባቸው፣ ከየት እንደመጣ አይናገሩም። እኔም በልቤ «እትዬ በለጡም እንዲህ ናቸው ማለት ነው?» አልኩ። አመንኩት። ሰውን ለማመን ዓመታት ይፈጃል፤ በሰው ላይ ክፉ ለማመን ግን መጋረጃ እስኪገለጥ ድረስ ብቻ ነው።

ስኳሩ ቀበሌ ሱቅ ተወስዶ ተመዘነ፤ አርባ ሁለት ኪሎ ሆነ። ቢሮ ገባን። እትዬ በለጡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጓድ ታፈሰ ማስጻፍ ጀመሩ።

«ጻፊ። በወይዘሮ በለጡ ቤት አርባ ሁለት ኪሎ ስኳር... ምን ልበል... ተቀምጦ ተገኘ።»

ብዕሬን አቆምኩ። «ተቀምጦ» የሚለው በጣም ቀለለብኝ። ከፍተኛው ዘንድ የሚሄድ ጽሑፍ ነው፤ እዚያ የሚያነቡት የተማሩ ሰዎች ናቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ተቀምጦ ከሚል፣ አከማችተው ተገኙ ቢባል አይጠነክርም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አከማችተው» አሉ ቃሉን በአፋቸው እያገላበጡ። «ልክ ነው። በሬዲዮም የሚሉት እሱን ነው። ጻፊው።»

ጻፍኩት። የእጅ ጽሑፌ ያን ቀን በጣም አምሮ ነበር፤ የ«ከ»ዋን እግር፣ የ«ማ»ን ክብ ዛሬም አየዋለሁ። ይህን ስንነጋገር እትዬ በለጡን አንዲት ጎረቤት በመስኮት ጠርታቸው ለጽጌ መልእክት እየሰጧት ነበርና የእኔን አልሰሙም። ሲመለሱ ጽሑፉ ተነበበላቸው። ጨርሶ እስኪነበብ አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ማከማቸት ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ከሚያስፈልግ በላይ ሰብስቦ መሸሸግ ማለት ነው እትዬ» አልኩ፣ እንደ መዝገበ ቃላት።

«እንዲያ ነው? እኔ እንኳ ማጠራቀም ነበር የሚመስለኝ።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው አሳረፉበት። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ሳይጠርጉ አንስተው እንደያዙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ምሳ ሰዓት ቤት ስገባ እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የሆነውን እንደ ጉድ ነገርኳት፤ ጋኑን፣ ሰፌዱን፣ የአብዮት ጠባቂውን ክንድ። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ስንት ኪሎ አላችሁት?»

«አርባ ሁለት።»

«ስድስቱ የእኔ ነው» አለች።

ነገሩን በዝግታ አስረዳችኝ። ሰባት ሴቶች ናቸው። ካለፈው ዓመት ኅዳር ወዲህ እያንዳንዳቸው ከራሽናቸው በወር ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየቀነሱ እትዬ በለጡ ጋ ያስቀምጣሉ፤ «የስኳር ዕቁብ» ነው የሚሉት። ማር የማይቀመስ በሆነበት ዘመን የሠርግ ብርዝም፣ የሠርግ ሻይም የሚወጣው ከስኳር ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም። የዘንድሮው ዕጣ ለጽጌ ሠርግ ደረሰ፤ የሚቀጥለው የእኛ ነበር፣ ለአያቴ ተዝካር። ራሽንን ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ስለሆነ ለሰው አልተወራም።

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀበሌ ትውያለሽ» አለች፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ። ያቺን አባባሏን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ክፋት አልነበረባትም፤ ዝናብ ስለሚጥል ልብስ አላሰጣሁም እንደማለት ነው ያለችው።

ቆየት ብላ «ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?» አለችኝ። ነገርኳት። እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ ቃል ግን ትመዝናለች። «ማነው እንደዚያ ያለው?»

«ጓድ ታፈሰ» አልኩ።

ውሸቱ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ከወጣ በኋላ ግን አልመለስኩትም።

ቅዳሜ ዕለት ከከፍተኛው ሰዎች መጡና እትዬ በለጡን ወስደው ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለችው ክፍል አሰሯቸው። ጓድ ታፈሰ የመጣውን ደብዳቤ ደጋግመው እንዳነብላቸው አደረጉኝ። «ሸቀጥ በማከማቸት በተፈጸመ አሻጥር...» ይላል። ጓድ ታፈሰ ስኳሩ ይወረሳል እንጂ ሰው ይታሰራል ብለው አላሰቡም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ተቀምጦ ብንል ኖሮ» አሉ፤ አልጨረሱትም። እኔም እንዲጨርሱት አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው መቅበጥበጥ ነው፤ ሌላ ስም የለኝም። እህል አፌ አልገባ አለ። ቤት ስቀመጥ ቢሮ ያለው መዝገብ ይታየኛል፤ ቢሮ ስሄድ ከግድግዳው ማዶ የእትዬ በለጡ ሳል ይሰማኛል። አንድ ቀን ከቢሮ ወጥቼ ዝም ብዬ ወደ ላፍቶ አቅጣጫ ሄድኩ። ያን ጊዜ ላፍቶ ገጠር ነው። የታኅሣሥ ፀሐይ ከላይ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ከታች። ገበሬዎቹ ጤፍ እየወቁ ነበር፤ በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፣ ገለባው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ አየሩ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸታል። ከአውድማው አጠገብ ያልተወቃ የጤፍ ክምር እንደ ቤት ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከክምሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ውኃ ሰጡኝና «ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ምንም አልጠፋኝም አልኳቸው። ክምሩን ቀና ብዬ እያየሁ፣ አንድ ሰው መጥቶ እኚህን ሽማግሌ በእኔ ቃል ቢጽፋቸውስ ብዬ አሰብኩ። ውኃውን ሳልጨርስ ተነስቼ ተመለስኩ።

ስመለስ ከዕቁቡ ሴቶች ሁለቱ ቤት ሄድኩ። «ሄዳችሁ የእኛም አለበት ብትሉ ይፈታሉ» አልኳቸው። አንዷ «የምን ዕቁብ?» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ሌላዋ እጄን ይዛ «ስድስት ልጅ አለኝ፤ ካርዴን ቢቀሙኝ ምን አበላቸዋለሁ?» አለችኝና አለቀሰች። እናቴንም ለመንኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ጽጌ በየቀኑ ምሳ ታመላልሳለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። እትዬ በለጡ በትንሿ መስኮት ብቅ አሉ፤ ከስተዋል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እትዬ፣ የሁላችሁም መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ለምን አይናገሩም?» አልኳቸው።

«የማንንም ስም እንዳትጠሪ» አሉኝ። «አንድ ሰው ሲሆን አከማቸ ነው የሚሉት። ሰባት ከሆንን ደግሞ ድርጅት ነው ይሉናል።» ከዚያ ወደ ጽጌ ዞረው ሽሮው ጨው እንደበዛበት ነገሯት።

በመንገድ ላይ ጽጌ የሙሽራው ቤተሰብ ሠርጉን እናቆየው ማለት እንደጀመረ አጫወተችኝ። እናቷ በአሻጥር የታሰረች ልጅ ማግባቱን ፈርተውታል። አላለቀሰችም፤ የምሳ ዕቃውን እጀታ ግን ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆይታ በእጇ ላይ ሰበረችው። ያኔ ልንገራት ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። «ነገ ይስተካከላል» ብዬ ዘጋሁት።

ማታ ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እናቴ ናት። የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የራሽን ካርዷን በእጇ ይዛለች። እኔን እንደማያውቀኝ ሰው አልፋኝ ጓድ ታፈሰ ፊት ቆመች።

«ከዚያ ስኳር ውስጥ ስድስት ኪሎው የእኔ ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ልጆቼ ሳይጠጡት የቀረ ስኳር ነው ማለቴ ነው። ለሠርግ አዋጥቼ ነው። ካርዱን ከፈለጉ ይኸው።»

ጓድ ታፈሰ ካርዱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጻፊ» አሉኝ። «እንዳሉት አድርገሽ ጻፊ። ምንም እንዳትጨምሪበት።»

«ለሠርግ አዋጥቼ ያጠራቀምኩት» ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ እንደዚያ ቀን ከፍቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ያቺ ያለቀሰችው ሴት መጣች። በማግስቱ ሦስት ጨመሩ። በሯን የዘጋችብኝ አልመጣችም፤ አልፈርድባትም። ጓድ ታፈሰ የአምስቱን ቃል ይዘው ራሳቸው ወደ ከፍተኛው ሄዱ። እዚያ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ እግራቸው አቧራ ሆኖ ሲመሽ ተመለሱ። በዘጠነኛው ቀን እትዬ በለጡ ተፈቱ። ስኳሩ ግን አልተመለሰም፤ ለመጡት አምስት ሴቶችም የሁለት ወር ራሽን ተከለከለባቸው።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ብርዝ አልነበረም፤ ጠላና ንፍሮ፣ በርበሬው የበዛ ወጥ፣ ሻይ ደግሞ ለሽማግሌዎች ብቻ። ሰው ዘፈነ፣ ጨፈረ። እኔ ከጓሮ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስልጥ እትዬ በለጡ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ሰናይት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን ቃል ያመጣው ማነው?»

ዓይኔ ከሽንኩርቱ ያለቅስ ነበር፤ ጠቀመኝ። «ጓድ ታፈሰ ናቸው እትዬ።»

«ይሁን» አሉ። «ልብስ ሲሰፋ ጨዋ ሰው ነበር።» ተነስተው ወደ እንግዶቹ ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ በለጡ ጓድ ታፈሰን ሰላም ብለዋቸው አያውቁም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ጽጌም እንዲሁ። ሥርዓቱ ወድቆ ሰውየው ወደ ልብስ ስፌታቸው ሲመለሱም ያው ነበር። አንድ ጊዜ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ልገባ ሳለሁ፣ ሱቃቸው ገብቼ «እውነቱን ልንገራቸው?» አልኳቸው። መርፌያቸውን እያዩ «ተይው» አሉኝ። «አንቺ ከእነሱ ጋር ጎረቤት ነሽ፤ ገና ብዙ ዘመን ትኖሪያለሽ። እኔን የሚጠላኝ ሰው አንድ ቢጨመር አይታወቅም።» እኔም ተውኩት። መተው ቀላል ነበር። እሳቸው ሞቱ፣ እትዬ በለጡ ሞቱ፣ እናቴም ተከተለች። በሦስቱም ቀብር ላይ ቆሜያለሁ።

እንግዲህ ብሩክ ወረቀቱን ይዞ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀን ስንቆራጠጥ ከረምኩና ሐሙስ ታክሲ ይዤ ላፍቶ ወረድኩ። ጽጌ እዚያ ነው የምትኖረው። የልጅ ልጆች አይታለች፣ ጉልበቷን ያማታል። በዓል በመጣ ቁጥር እንጠያየቃለን፤ ያለ በዓል ስታየኝ ግን ደነገጠች። ያ የጤፍ አውድማ የነበረበት አገር ዛሬ ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል። ሶፋዋ ላይ ተቀምጬ፣ ቴሌቪዥኑን አስጠፍቼ፣ ሁሉንም ነገርኳት። «አይጠነክርም?» ያልኩትን ሳይቀር።

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እማዬ ከእስር ከወጣች በኋላ ቤት ውስጥ የነገ የሚባል ነገር አላስቀመጠችም። ስኳር ብትፈልግ ለዕለቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነው የምታስመጣው። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሁሉንም እንደዚያ። ኋላ ሁሉ ነገር በገበያ ሲሞላም፣ እኔ ገዝቼ ስልክላት ለጎረቤት አከፋፍላ ነው የምታድረው። ስትታመም ሐኪሙ ያዘዘላትን ኪኒን እንኳ የሁለት ቀን፣ የሁለት ቀን ነበር የምታስገዛኝ።»

«ለምን እንደሆነ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«ጠይቄያታለሁ። ሲፈተሽ ምንም እንዳይገኝ አለችኝ።»

ይቅርታ ለመጠየቅ አስቤ የመጣሁበት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ በመንገድ ላይ ስቀባው ስሞርደው የመጣሁት። ልናገረው ስጀምር ራሴው አፈርኩበት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ አልኩ።

ጽጌ አላቀፈችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ጉልበቷን እያሸች «የታፈሰ ልጅ እዚህ ታች ሶፋ ይሠራል» አለች። «ስንት ዓመት ሙሉ በበሩ ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው። አንድ ቀን ጎረምሳ ሳለ ዕቃ ላግዝሽ ብሎኝ እንኳ እምቢ ብዬዋለሁ። ምን አደረግኳት ሳይል ይቀራል?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ተነሺ በይ» አለች፣ ነጠላዋን እየሳበች።

ቁልቁለቱን ክንዴን ይዛ ወረድን። ባጃጅ ያልፋል፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ያልፋል፣ ነፋሱ አቧራውን ያነሳል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቃላትን ለሰው ልጆች ሳካፍል ኖሬያለሁ፤ ሁለት ቃል በፍጹም አንድ አይሆንም እያልኩ አስተምሬያለሁ። በሁለቱ መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ሰው ሊወድቅ እንደሚችል ግን ለአንድም ተማሪ አልነገርኩም፤ ብነግራቸው ማን ወደቀ ብለው ይጠይቁኝ ነበርና።

ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ስፖንጅ እየቆረጠ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ግንባሩ የአባቱ ነው። ጽጌን ሲያይ እንደ ልማዱ ዓይኑን ከእሷ ሊያሸሽ ፈለገና መልሶ ቀና አለ።

«እንደምን ዋልክ ልጄ» አለችው። ከዚያ ክንዴን ለቃ ወደ ፊት ገፋ አደረገችኝ። «ይቺ አስተማሪ ናት። ስለ አባትህ የምትነግርህ ነገር አላት።»

ሰውየው መቁረጫውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገና ወንበር አቀረበልኝ። ተቀመጥኩ። የትኛውን ቃል እንደማስቀድም ግን አላውቅም ነበር።